የገበያ ከተማው ግድያና ከውጭ የሚመጣው መርማሪ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን የእንግሊዝ የወንጀል ድራማዎችን ይከታተላሉ። በነዚህ ድራማዎች ውስጥ በአንዲት ትንሽ የገጠር የገበያ ከተማ አንድ ኢንስፔክተር ከአንድ ሳጅን ጋር ብቻውን ግድያ ይመረምራል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ሻይ እየተጋበዘ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን ይናገራል። «ትክክለኛው አሠራር ይህ ነውን? እንዲህ ያለች ከተማ የራሷ የግድያ መርማሪ አላትን? ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታስ ገዳይን ማግኘት ይቀልላል ወይስ ይከብዳል?» ብለው ጠይቀዋል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ያስተማርሁ፣ ኋላም እንግሊዝ አገር በፖሊስ ጣቢያዎች በአስተርጓሚነት የሠራሁ በመሆኔ፣ በመጽሐፍም በዓይኔም ካየሁት እመልሳለሁ። ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ የላትም። የገበያ ከተማ የሚባለው በመካከለኛው ዘመን ከንጉሥ በተሰጠ ፈቃድ ሳምንታዊ ገበያ የማቆም መብት ያገኘ ከተማ ነው። በቴምዝ ወንዝ ዳር የምትገኘው ዎሊንግፎርድ፣ ለምሳሌ፣ ቻርተሯን ከሁለተኛው ሄንሪ የተቀበለችው በ1155 ነው። ቅዳሜ ገበያና ሐሙስ ገበያ የሚባሉ ቦታዎችን ስናውቅ ላደግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዛሬ አብዛኞቹ ጥቂት ሺህ ወይም ከአሥር ሺህ ትንሽ ከፍ ያለ ነዋሪ ያላቸው ጸጥተኛ ከተሞች ናቸው። ወደ 60 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርባቸው በእንግሊዝና በዌልስ በአንድ ዓመት የሚመዘገበው የሰው ግድያ በቅርብ ዓመታት ከ500 እስከ 700 ባለው መካከል የሚዋልል ነው። ይህ ቁጥር በከተሞች ላይ ሲደለደል ለአንዲት የገበያ ከተማ የሚደርሳት ለዓመታት ምንም፣ ከዚያም አንድ ቀን ድንገት አንድ ነው። በየሳምንቱ ሰው የሚገደልባት ከተማ ያለችው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ብትኖርማ ቤት የሚገዛባት ባልተገኘ ነበር።

የፖሊሱም አደረጃጀት ይህንኑ የተከተለ ነው። እንግሊዝና ዌልስ በ43 የክልል ፖሊስ ኃይሎች የተከፈሉ ሲሆን፣ ዎሊንግፎርድን የሚጠብቀው የቴምዝ ቫሊ ፖሊስ በ1968 ሲቋቋም በርክሻየርን፣ በኪንግሃምሻየርንና ኦክስፎርድሻየርን አንድ ላይ ይዟል። ግድያን የሚመረምረው የከተማዋ ጣቢያ ሳይሆን በክልሉ ማዕከል ያለ የከባድ ወንጀሎች ምርመራ ክፍል ነው። ቤድፎርድሻየር፣ ካምብሪጅሻየርና ሄርትፎርድሻየርን የመሰሉ ጎረቤታሞች ደግሞ ይህን ክፍል በጋራ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። በቦታው ቀድሞ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የደንብ ልብስ የለበሰ ኮንስታብል ነው፤ ሥራውም ሦስት ነው፤ ሰው በሕይወት ካለ ማዳን፣ ቦታውን በሪባን መዝጋት፣ ገቢና ወጪውን ከነሰዓቱ በመዝገብ መያዝ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ መኪናዎች ይመጣሉ። ምርመራውን የሚመራው «ዋና መርማሪ መኮንን» ይባላል፤ ማዕረጉም ባብዛኛው ቺፍ ኢንስፔክተር ወይም ሱፐርኢንቴንደንት ነው። ከሥሩም የኤግዚቢት ኃላፊ፣ የቤት ለቤት ጥየቃ አስተባባሪ፣ የካሜራና የስልክ መረጃ የሚያጣሩ ባለሙያዎች፣ የሟች ቤተሰብ አገናኝ መኮንኖች ይሰለፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥራቸው በብዙ አሥሮች ሊቆጠር ይችላል። ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ ሁለት ሰዎች የሆኑት ተዋንያን ስለሚያስከፍሉ ይመስለኛል።

ከውጭ የሚመጣ መርማሪ የሚለው ልማድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በውድቀት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የለንደን ፖሊስ የመጀመሪያውን የመርማሪዎች ክፍል በስምንት ሰዎች ያቋቋመው በ1842 ነው። ከነዚያ ቀደምት መርማሪዎች አንዱ ጆናታን ዊቸር ነበር። በሰኔ 1860 መጨረሻ ከገበያ ከተማዋ ከትሮውብሪጅ ብዙም በማትርቅ ሮድ በተባለች መንደር፣ በአንድ ባለጸጋ የመንግሥት ሹም ቤት፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሳቪል ኬንት የተባለ ሕፃን ሌሊት ከመኝታው ተወስዶ ተገደለ። ቤቱ ከውስጥ ሲዘጋ የሚያድር በመሆኑ ገዳዩ ከቤተሰቡ ወይም ከቤት ሠራተኞቹ አንዱ እንደሚሆን ለሁሉም ግልጽ ነበር። የአካባቢው ፖሊስ ሁለት ሳምንት ያህል ተንገላትቶ ምንም ባለማግኘቱ ዊቸር ከለንደን ተላከ።

ዊቸር ሲደርስ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ የሚባል ነገር አልቀረውም። ያልነገሩትም ነገር ነበር። ግድያው በታወቀበት ዕለት የአካባቢው ፖሊሶች በወጥ ቤቱ የውኃ ማፍያ ምድጃ ውስጥ ደም የነካው የሴት የውስጥ ልብስ አግኝተው፣ ባለቤቷ ልትወስደው ስትመጣ እንይዛታለን ብለው እዚያው መልሰው አስቀምጠውት ነበር። ሌሊት እንዲጠብቁ የተመደቡትን ሁለት ኮንስታብሎች ግን የቤቱ ጌታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ልብሱም ጠፋ። በሰው ቤት ተቆልፎ ማደር ለፖሊስ ከኀፍረት በላይ ነበርና ነገሩን ሸሽገው ያዙት፤ ከለንደን የመጣው ሰው ይህን ሳያውቅ ሥራውን ጀመረ።

እሱ የያዘው የልብስ ማጠቢያ መዝገቡን ነበር። የ16 ዓመቷ የሟች እኅት በአባት፣ ኮንስታንስ ኬንት፣ ሦስት የሌሊት ቀሚሶች ሊኖሯት ሲገባ አንዱ ጎድሏል። የቤት ሠራተኛዋ ቀሚሱን ቆጥሬ ለአጣቢዋ ቅርጫት ከትቼዋለሁ ስትል፣ አጣቢዋ አልደረሰኝም አለች። ዊቸር ሠራተኛዋን ደጋግሞ ሲጠይቃት፣ ልብሱ ከተቆጠረ በኋላ ኮንስታንስ ወደ ክፍሉ መጥታ ውኃ እንድታመጣላት እንደ ላከቻት አስታወሰች። የመርማሪው ድምዳሜም ይህ ሆነ፤ ልጅቱ ደም የነካውን ቀሚስ አጥፍታለች፤ ጉድለቱ በአጣቢዋ እንዲመካኝም የተቆጠረውን ንጹሕ ቀሚስ ከቅርጫቱ መልሳ ወስዳለች። የአንድ ብርጭቆ ውኃ ጊዜ ነው የፈጀው። እኔ በበኩሌ በምርመራ ታሪክ ካነበብኋቸው ሁሉ ከዚህ የረቀቀ ግምት አላውቅም፤ ዳሩ ግን ግምት ነበር። ኮንስታንስ በሐምሌ ተይዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ በማስረጃ እጥረት ተለቀቀች። ጋዜጦቹና የአካባቢው ሰው ከዝቅተኛ ቤተሰብ የወጣ የለንደን ፖሊስ የጨዋ ልጅ ስም አጎደፈ ብለው ተነሡበት፤ በ1864ም በጤና ምክንያት ከሥራው ወጣ። በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ 1865 ኮንስታንስ ራሷ ለንደን ቀርባ ጥፋቱን አመነች። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላት 20 ዓመት ታስራ በ1885 ተፈታች፤ ከዚያም ወደ አውስትራሊያ ተሻግራ በሌላ ስም እስከ 1944፣ እስከ 100 ዓመቷ ኖረች።

ይህን ያህል የዘረዘርሁት ዛሬ በመጀመሪያው ሰዓት ቦታ የሚዘጋበት፣ ኤግዚቢት በቁጥር የሚታሸግበትና የተገኘ ነገር ሁሉ የሚመዘገብበት ሥርዓት ከምን ጉድለት እንደ ተነሣ በዚህ መዝገብ ላይ ስለሚታይ ነው። ዊቸር የጎደለው ብልኀት አልነበረም፤ ሌሎች ያዩትን የሚያነብበት ወረቀት ነው።

የዋና መርማሪው እውነተኛ ሥራ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ውሳኔ ከነምክንያቱ በውሳኔ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ይህን ሰው ለምን ዛሬ አልያዝሁትም፣ ይህን ማሳ ለምን ፈተሽሁ፣ ያኛውንስ ለምን ተውሁ ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ በኋላ ፍርድ ቤት ጥያቄ ሊነሣበት ስለሚችል የሚጻፈው በጥንቃቄ ነው። ከምስክሮች የተሰበሰበው ቃል ሁሉ ደግሞ «ሆልምስ» ወደሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ይገባል፤ ስያሜው ከልብ ወለዱ መርማሪ ከሼርሎክ ሆልምስ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ እንዳይመስልዎ። ይህ ሥርዓት በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው ከአንድ መራራ ልምድ በኋላ ነው። በሰሜን እንግሊዝ 13 ሴቶችን የገደለው ፒተር ሰትክሊፍ በ1981 ከመያዙ በፊት በዚያው ምርመራ ዘጠኝ ጊዜ በፖሊስ ተጠይቆ ነበር። ስለ እሱ የሚናገሩት ካርዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የካርዱ ብዛት ግን አንዱን ከሌላው ለማገናኘት አላስቻለም። በመጨረሻም የያዙት በመኪናው ላይ የሌላ መኪና ታርጋ መለጠፉን ያዩ ተራ የጥበቃ ፖሊሶች ናቸው። አሁን አንድ ምስክር «ሰማያዊ መኪና አየሁ» ካለ ቃሉን የሚያነበው ሰው ከዚያ ዓረፍተ ነገር አንድ የሥራ ትእዛዝ ያወጣል፤ ባለ መኪናውን ፈልግ፣ አነጋግር፣ ከጉዳዩ ነጻ ከሆነ ከዝርዝሩ አውጣ። ከአንድ ግድያ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች በመቶዎች አንዳንዴም በሺህዎች ይወጣሉ። ለድራማ የማይመች፣ ለተመልካች አሰልቺ፣ ነገር ግን ገዳይ የሚያዝበት ሥራ ይህ ነው።

ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ይቀልላል ወይ ላሉት፣ መልሴ ሁለቱንም ነው የሚል ነው፤ እንደ ወጉ ለማምለጥ ብዬ ግን አይደለም። በትንሽ ከተማ እንግዳ ሰው ይታወቃል፣ መኪና ይታወቃል፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ይታወቃል። በዚያው ልክ ወሬው ከምስክሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ በገበያው አደባባይ የተወራውን ሰው እንዳየው አድርጎ ይናገራል። ለዚህ ነው ዋና መርማሪው ገዳዩ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ሁለት ዝርዝር ከጋዜጠኞች የሚደብቀው። ተጠርጣሪው ያን ዝርዝር ከተናገረ ቃሉ ክብደት ያገኛል፤ ካልተናገረ ደግሞ ከወሬ ሰምቶ እንዳመነ መጠርጠር ይቻላል።

ያገራችን አባቶች ለዚህ ችግር የነበራቸው መድኃኒት አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ሲፈጸምና ፈጻሚው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አውጫጭኝን የሚያስታውስ ሰው በሌስተርሻየር ገጠር የሆነውን ሲያነብ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። በ1983 እና በ1986 በናርቦሮና በኤንደርቢ መንደሮች አጠገብ ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ፤ ወጣቱም ሁለተኛውን ግድያ እንደ ፈጸመ አመነ፤ የመጀመሪያውን ግን ካደ። መርማሪዎቹ ሁለቱንም የፈጸመው አንድ ሰው ነው ብለው ስላመኑ፣ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲ.ኤን.ኤ. አሻራ መለያ ዘዴን በ1984 ያገኙትን ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስን እርዳታ ጠየቁ። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ሁለቱንም የገደለው በእርግጥ አንድ ሰው ነው፤ ያመነው ወጣት ግን አይደለም። በዲ.ኤን.ኤ. ከግድያ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም እሱ ሆነ። በራሱ አንደበት ያመነ ሰው ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቼን ለማሳመን ስቸገር የማነሣው ይህን ጉዳይ ነው።

ከዚያ አውጫጭኙ ተጠራ። ከ1987 መጀመሪያ አንሥቶ በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ ወጣትና ጎልማሳ ወንዶች በፈቃዳቸው ደምና ምራቅ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችም ሰጡ። ከወራት ድካም በኋላ የገዳዩ አሻራ ከማንም ጋር አልገጠመም። ምክንያቱ የታወቀው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በመጠጥ ቤት ነው። አንድ የዳቦ ጋጋሪ ቤት ሠራተኛ ለሥራ ባልደረባው ለኮሊን ፒችፎርክ ብሎ በእሱ ስም ደም እንደ ሰጠ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲናገር አብራው የነበረች ሴት ሰማችው፤ ጥቂት ሳምንታት ስታመነታ ቆይታም ለፖሊስ ተናገረች። ፒችፎርክ በመስከረም 1987 ተይዞ የራሱ ደም ሲመረመር ገጠመ፤ በጥር 1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እንግዲህ በዓለም የመጀመሪያው የጅምላ ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ወንጀለኛውን በራሱ አልያዘውም፤ ነገር ግን አስጨንቆት ሰው እንዲያስዋሽ አደረገው፣ ያስዋሸው ሰውም ተናገረ። የጥንቱም አውጫጭኝ ይሠራ የነበረው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል፤ ስብሰባው ራሱ ሳይሆን ስብሰባው የሚፈጥረው ጭንቀት ነበር አፍ የሚያስከፍተው።

ወደ ሳሎኑ ትዕይንት ልለፍ። ተጠርጣሪዎችን ሰብስቦ «ገዳዩ አንተ ነህ» ብሎ የእምነት ቃል የሚቀበል እንግሊዛዊ መርማሪ ካለ፣ መዝገቡን በገዛ እጁ አበላሽቷል ማለት ነው። በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግና መመሪያዎቹ ተጠርጣሪ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው እንዳይጠየቅ፣ ጥያቄውም በመደበኛው በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ እየተቀዳ እንዲካሄድ ያዝዛሉ። ተጠርጣሪው በነጻ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ሰዓቱም ይቆጠርበታል፤ ያለ ክስ የሚያዘው ለ24 ሰዓት ነው፤ በሱፐርኢንቴንደንት ፈቃድ 36 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ፣ እስከ 96 ሰዓት ድረስ፣ የሚፈቅደው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ባገራችን የጊዜ ቀጠሮ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ አያምንም።

ማስጠንቀቂያውን ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ መልሻለሁ። ሦስት ክፍል አለው፤ ምንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት የሚመኩበትን ነገር አሁን ሲጠየቁ ሳይናገሩ ቢቀሩ መከላከያዎን ሊጎዳው ይችላል፤ የሚናገሩት ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል። አንደኛውና ሦስተኛው ለእኛ አዲስ አይደሉም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በዳኝነት ያገለገሉት ሰር ቻርልስ ማቲው ባረቀቁት የኢትዮጵያ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ላይ፣ ተጠርጣሪ እንዲመልስ እንደማይገደድ፣ የሚሰጠው ቃልም ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ሊነገረው እንደሚገባ ተደንግጓል። መካከለኛው ክፍል ግን እንግሊዞች በ1994 በወጣ ሕግ ያመጡት ነው፤ እኛ ዘንድ የለም። አንድ ጊዜ ያስተረጎምሁለት ወጣት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ፣ «ታዲያ ዝም በል ነው የሚሉኝ ወይስ ተናገር?» ብሎ ጠየቀኝ። አስተርጓሚ የራሱን መልስ አይሰጥምና ጥያቄውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። መርማሪው ለአፍታ ዝም ብሎ ወደ ጠበቃዋ ተመለከተ፤ እሷም መቅጃው ይቁምልኝ፣ ከደንበኛዬ ጋር ልነጋገር አለች። ይህን ያህል ድራማ በቴሌቪዥን አላየሁም።

ክሱንም የሚወስነው መርማሪው አይደለም። ከ1986 ጀምሮ የሚሠራ ራሱን የቻለ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት አለ፤ በግድያ ጉዳይ ማስረጃው ለክስ ይበቃል ወይም አይበቃም የሚለው እሱ ነው። ጉዳዩ በከፍተኛ ወንጀል ችሎት ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚለውን የሚወስኑ 12 ተራ ዜጎች ባሉበት ይሰማል፤ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ አዋቂ ሰው ቅጣቱ ያለ አማራጭ ዕድሜ ልክ ነው፣ ዳኛው የሚወስነው ዝቅተኛውን የእስር ዘመን ነው። የሞት ቅጣት ለነፍስ ግድያ የቀረው በ1965 ነው።

በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጠቅም ስለሆነ ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ብዬ ሁለት ነገር ልጨምር። የሟች ቤተሰብ አገናኝ መኮንን ደግ፣ ታጋሽና ስልኩን የሚያነሣ ሰው ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ደረጃ መርማሪ ነው፣ ከቤተሰቡ የሰማውንም ይመዘግባል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ሰዎች ግን ከለቅሶ አጽናኝ ጋር ሲያምታቱት አይቻለሁ። ሁለተኛው የአስከሬን ነገር ነው። አስከሬኑ የሞትን ምክንያት በሚያጣራው ባለሥልጣን፣ በኮሮነር፣ ሥልጣን ሥር የሚቆይ ሲሆን፣ የተከሳሹ ወገን የራሱን ሁለተኛ ምርመራ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በማግስቱ ቀብሮ ድንኳን መትከል ለለመደ ቤተሰብ ሳምንታት የሚፈጅ መዘግየት ይገጥመዋል። ፖሊስን መለመን ምንም አይለውጥም፤ ጥያቄው ለኮሮነሩ ቢሮ ነው የሚቀርበው።

የመያዙ ጊዜስ ምን ይመስላል ብለው ካሰቡ፣ ባብዛኛው ማለዳ ነው፤ ከተማዋ ሳትነቃ፣ ሁለት ሦስት ምልክት የሌላቸው መኪናዎች ይቆማሉ፣ በሩ ይንኳኳል፣ ማስጠንቀቂያው እዚያው በር ላይ ይነበባል፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ተጠርጣሪው የሚወሰደውም በገበያው አደባባይ ወዳለው ጣቢያ አይደለም። ከእነዚያ ትንንሽ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ማረፊያ ክፍሉ በመኪና ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሚርቅ ትልቅ ከተማ ነው። የገበያው ነጋዴዎች ድንኳናቸውን ሲዘረጉ መርማሪውም ተጠርጣሪውም ከከተማዋ ወጥተዋል።